ካፕለሩን ዘይት አታጠጣው

ሰላም ወንድሜ። ትናንት ማታ የለጠፍካትን ጥያቄ አየኋት፣ የሞዴል ባቡሬ ፉርጎዎች ዳገት ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፣ ወደ ኋላ ገፍቼ ላያይዛቸው ስል ደግሞ እምቢ ይላሉ፣ ካፕለሩ ላይ፣ ማለት ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው መንጠቆ ላይ፣ የስፌት መኪና ዘይት ላድርግ ወይስ ደብሊው ዲ ፎርቲ ልንፋበት ነው ያልከው። ከስር የመለሱልህን አነበብኩ፣ ግማሹ ዘይት ይላል፣ አንዱ ጭራሽ ግሪስ ቀባው ብሎሃል፣ ይቅር ይበለው። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም አንተ አሁን ልታደርገው ያሰብከውን እኔ አድርጌው ሁለት ሳምንት ሙሉ በጥርስ ብሩሽ ሳጥብ የከረምኩ ሰው ነኝ።

ባጭሩ ሁለቱንም ተው። ደግሞ ያንተ ችግር አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ዳገት ላይ መለያየቱ አንድ በሽታ ነው፣ ሲገፋ አለመያያዙ ሌላ በሽታ ነው፣ ለመጀመሪያው የትኛውንም ቅባት ብታደርግ አያድነውም።

እኔ ደብረ ብርሃን ሰዓት ሰሪ ነኝ። ዘይት ማለት ለኔ እንጀራ ነው፣ በመርፌ ጫፍ ጠብታ አንስቼ የሰዓት ድንጋይ ላይ ሳስቀምጥ ነው የኖርኩት። ባቡሩ የመጣልኝ አሜሪካ ካለችው እህቴ ነው፣ የምትሰራላቸው ሴትዮ ባላቸው ሲሞቱ የሳቸውን ካርቶን ሙሉ ፉርጎ ውሰጂ አሏት፣ እሷም ወንድሜ ጥቃቅን ነገር ይወዳል ብላ ላከችው። 14 ፉርጎ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሐዲድ፣ ከነመቆጣጠሪያው። (መቆጣጠሪያው 110 ቮልት መሆኑን ሳላይ ግድግዳው ላይ ሰክቼው ሸተተ ጨሰ አለቀ፣ ሌላ እስኪገኝ ስድስት ወር ባቡሩን በእጄ ነበር ምገፋው። አንተም ከውጭ የመጣ ዕቃ ካለህ ከመሰካትህ በፊት ጀርባውን አንብብ።)

ታዲያ ያኔ በእጅ ስገፋቸው ካፕለሮቹ ደረቅ ደረቅ አሉብኝ። እኔ ደግሞ የሙያ ሰው አይደለሁ፣ ደረቅ ነገር ሳይ እጄ ይበላኛል። የሰዓት ዘይቴን አወጣሁና ለ28ቱም ካፕለር አንድ አንድ ጠብታ አደረስኩ። አይ ደስ ሲል! ለሦስት ቀን እንደ ቅቤ ሄደ፣ ልጆቼን ጠርቼ አሳየሁ። በሳምንቱ አንዱ ተከፍቶ ቀረ፣ ከዛ ሌላው፣ ከዛ ሁሉም። ናክሉ፣ ማለቴ ጣት መስሎ የሚከፈትና የሚዘጋው ክፍል፣ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም፣ በጥፍሬ ስገፋው ቀስ እያለ ማር ውስጥ እንዳለ ይንፏቀቃል።

ዓይኔ ላይ የምሰካትን ማጉያ አድርጌ ሳየው ጉድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከሐዲዱ ስር ያነጠፍኩት የመንዝ ባና ነበር፣ ተራራ እንዲመስል ከስሩ ካርቶን አድርጌ ወደ ላይ አጉብጬው፣ እውነት ለመናገር ያምራል፣ ቡናማና ጥቁሩ ልክ የመሐል ሜዳ መንገድ ነው ሚመስለው። የባናው የበግ ጠጉር ግን ይበናል። ያ ጠጉር ዘይቱ ላይ ተለጥፎ፣ አቧራ ደግሞ በላዩ ላይ ተለውሶ፣ መገጣጠሚያው ዙሪያ የሽማግሌ ፂም አብቅሏል። ናክሉን የምትዘጋው ስፕሪንጓ አትታይም። በወረንጦ ስቤ ሳወጣው እንደ ጭቃ ተጎትቶ ይወጣል።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ሰዓት ውስጥ ዘይት የሚሰራው ክዳን ስላለው ነው፣ ዘይቱ ከነንጽህናው ዓመታት ይቀመጣል። ካፕለር ግን ከሐዲዱ አንድ ሴንቲ ሳይሞላ ከፍ ብሎ አፉን ከፍቶ ነው ሚሄደው፣ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ይለቅማል። እኔ ጋ የባና ጠጉር ነው፣ አንተ ጋ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ያ ቆላ አቧራ አለልህ፣ መስኮት ዘግተህም ይገባል። ደብሊው ዲ ፎርቲም ያው ነው፣ የዛገ ብሎን ለማላቀቅ ጎበዝ ነው አልክድም፣ ግን ቀጭኑ ተኖ ሲሄድ የሚቀረው ቅባት አቧራ ጠሪ ነው፣ በዛ ላይ ሲረጭ ፉርጎውም ሐዲዱም ጎማውም ላይ ይደርሳል።

ግሪስ ላለው ወንድማችን፣ አማቼ የደሴ መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ተሳቢው የሚቀመጥበትን ትልቁን ሰሃን ግሪስ ሲቀባ አይቻለሁ፣ ትክክል ነው፣ እዛ ላይ ቶን ነው የሚጫነው፣ ብረት ብረትን እንዳይበላው ግሪስ ያስፈልገዋል። የኛ ፉርጎ ስንት ይመዝናል? የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማህበር ለኤችኦ (የኛ ሞዴል ባቡር መጠን ስም ነው) የሚመክረው አንድ አውንስ መነሻ ሆኖ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ እየጨመሩ ነው፣ 6 ኢንች ፉርጎ ስታሰላው 4 አውንስ ይመጣል፣ 113 ግራም መሆኑ ነው። ሁለት እንቁላል ማለት ነው። ሁለት እንቁላል የሚጎትት ነገር ግሪስ ምን ያደርግለታል፣ ስፕሪንጓ ራሷ ከፀጉር ወፈር ብትል ነው፣ እዚህ ደጋ በጥቅምት ውርጭ ጠዋት ጠዋት ግሪሱ እንደ ሻማ ሲደርቅ እሷ ታላቅቀው?

እሺ አሁን ወደ ዳገቱ። ዳገት ላይ የሚለያዩት ሁሌ እነዛው ሁለት ፉርጎዎች መሆናቸውን አይተሃል? ካላየህ ዛሬ ማታ እይ። መቶ በመቶ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከፍታ ነው ችግሩ። አንዱ ካፕለር ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ሜዳ ላይ በጭንቅ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ዳገቱ የሚጀምርበት ጋ ሲደርሱ የፊተኛው አፍንጫውን ሲያነሳ በቃ አንዱ ከሌላው ስር ሾልኮ ይወጣል። በኤችኦ የካፕለሩ መሀል ከሐዲዱ ራስ 25/64 ኢንች መሆን አለበት፣ ወደ 9.9 ሚሊ ሜትር። መለኪያ ይሸጣል፣ ሐዲዱ ላይ አስቀምጠህ ፉርጎውን አስጠግተህ ማየት ነው፣ እኔ ግን የለኝም፣ በካሊፐር ለክቼ አንድ ፉርጎ ትክክል አደረግኩና እሱን ዳኛ አደረግኩት። ማንኛውም ፉርጎ ከዳኛው ጋር ፊት ለፊት ይቆማል፣ ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከሐዲዱ ጋር እኩል አድርገህ በጎን ታያለህ፣ የእጅ ባትሪ ከኋላ ብታበራ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዝቅ ካለ ጎማዎቹን የያዘውን ክፍል ብሎኑን ፈተህ መሀሉ ላይ ቀለበት ታስገባለህ፣ የተዘጋጀው ከሌለህ ከሃይላንድ ፕላስቲክ በወረቀት መብሻ በስተህ ዙሪያውን በመቀስ ቁረጥ፣ እኔ እንደዛ ነው ማደርገው። ግን ከዛ በፊት አንድ ነገር ቼክ አድርግ፣ ካፕለሩ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ከሆነ ቀለበት አይረዳውም። በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው፣ የሚወዛወዝ ከሆነ ያለበት ሳጥን ክዳኑ ላልቷል ወይ ተበልቷል ማለት ነው።

ሌላም አለ፣ ከካፕለሩ ስር ተንጠልጥላ የምትታየው ቀጭን ጭራ የመሰለች ሽቦ። እሷ ከሐዲዱ ስር ማግኔት ሲኖር ናክሉን ስባ የምትከፍት ናት፣ ከሐዲዱ ራስ 1/32 ኢንች፣ 0.8 ሚሊ ገደማ ከፍ ማለት አለባት። ዝቅ ካለች ሐዲድ መቀየሪያው ላይ ትሰነቀርና ወይ ፉርጎዎቹን ትለያያቸዋለች ወይ ፉርጎው ይወድቃል። በፒንሳ ቀስ አድርገህ ወደ ላይ ማጠፍ ነው፣ ካፕለሩን ግን በሌላ እጅህ ያዝ፣ እኔ ሳልይዝ አጥፌ ከነአንገቱ ሰብሬያለሁ። እውነቱን ልንገርህ እኔ ማግኔት የለኝም፣ በስቴኪኒ ነው የማላቅቀው፣ ስለዚህ የሦስቱን ቆርጬ ጥያቸዋለሁ፣ ይቆጨኛል ግን ሰላም አግኝቻለሁ።

አሁን ሁለተኛው በሽታ፣ ሲገፉ አለመያያዝ። መጀመሪያ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሰራ አስበው። ጃኒ የሚባል አሜሪካዊ በ1873 እ.ኤ.አ. ነው የፈጠራ መብቱን ያወጣበት፣ ሀሳቡን ያመጣው ከሰው እጅ ነው ይላሉ፣ ሁለት ሰው የቀኝ ጣቶቹን አጥፎ ሲያቆላልፍ እንደማለት። ከዛ በፊት ሰራተኛው ሁለት ፉርጎ መሀል ቆሞ በእጁ ነበር ሚያያይዘው፣ ስንቱ ጣቱን ስንቱ ሕይወቱን ሰጥቷል፣ በ1893 በሕግ ራሱ የሚያያዝ እንዲሆን አዘዙ። ያንተም የኔም ካፕለር የሱ ትንሹ ነው፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲው አዲሱ ባቡር ፉርጎም የሚያያዘው በዚሁ ዓይነት ነው። በናንተ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻ የተነጠፈውን ሐዲድ እያየ ያደገ ልጅ ባቡር ቢይዘው አይገርምም።

ለመያያዝ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንገቱ ግራ ቀኝ ሲገፋ ወደ መሀል መመለስ፣ ናክሉ ሲከፈት ጠቅ ብሎ መዘጋት። ስለዚህ ፉርጎውን ገልብጠህ መሐረብ ላይ አስተኛውና በስቴኪኒ አንገቱን ወደ ግራ ገፍተህ ልቀቀው። ቶሎ መሀል ከገባ ደህና ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ነገር አለ። ከዛ ወደ ቀኝ። ከዛ ናክሉን ክፈተው ልቀቀው። ለያንዳንዱ ፉርጎ ሁለቱንም ጫፍ፣ እኔ ያልሰሩትን ቀይ ክር አስርባቸዋለሁ እንዳይምታቱ።

አንገቱ ካልተመለሰ መጀመሪያ ብሎኑን ሩብ ዙር ላላ አድርገህ እንደገና ሞክር። አትስቅ፣ ከ28ቱ ውስጥ የ9ኙ መድኃኒት ይቺው ነበረች። ሰው ብሎን ሲያገኝ እስኪጮህ ያጠብቃል፣ ፕላስቲኩ ሳጥን ይጨመቅና አንገቱን ጨምቆ ይይዘዋል። ካልሆነ ክዳኑን ክፈት። ሳጥኑ ውስጥ ፕላስቲኩ ቀልጦ ሲቀረጽ የቀረ እንደ ወረቀት ስስ የሆነ ትርፍራፊ ጠርዝ ላይ ይኖራል፣ በምላጭ ጫፍ ፋቀው። አንገቱም ላይ ሁለት ቅርጽ የተገጣጠመበት መስመር በጣትህ ስትዳስሰው የሚቧጭር ከሆነ በደቃቅ ሞረድ አንድ ሁለቴ፣ የጥፍር ሞረድም ይሆናል፣ ባለቤቴ አትስማ እንጂ። ይሄ እንግዲህ አዲስ ዕቃ ላይም አለ፣ አዲስ ስለሆነ ንጹህ ነው አትበል።

የቆሸሸ ከሆነ፣ በተለይ ከዚህ በፊት ማንም ሰው ዘይት አጠጥቶት ከሆነ፣ መታጠብ አለበት። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገህ፣ ካፕለሮቹን ከሳጥናቸው አውጥተህ ሻይ ማጥለያ ውስጥ አስቀምጠህ ንከር፣ ማጥለያው ለምን መሰለህ፣ እኔ ያለሱ ሳጥብ አንዱን በቧንቧው ሸኝቼዋለሁ፣ አሁን በረሳ ወንዝ ውስጥ ይሆናል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ። ሰዓት በቤንዚን ነው ማጥበው፣ እሱን ልማድ ይዤ ቤንዚን የነካው ብሩሽ ፉርጎው ላይ አሳረፍኩና ጎኑ ደመና መስሎ ቀረ፣ እስካሁን ያንን ጎኑን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው ማቆመው። ቤንዚን ፕላስቲክ አጠገብ አታምጣ።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ነው ስለ ማለስለሻ የምናወራው። አብዛኛው እዚህ ሳይደርስ ይድናል። ካስፈለገ ደረቅ ግራፋይት ብቻ። የካፕለሮቹ ትልቁ አምራች ካዲ ራሱ (ስሙ ኪት እና ዴል ከሚባሉት መንታ ወንድማማቾች መነሻ ፊደል ነው) ግሪስ-ኤም የሚል ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይሸጣል፣ ስሙ ግሪስ ይላል እንጂ ግሪስ የለበትም። እዚህ ከየት ላምጣ ካልክ እርሳስ ነው መልሱ። ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሚይዙት ኤችቢ አይደለም፣ እሱ ሸክላ ይበዛበታል፣ ይቧጭራል። ስዕል የሚማሩ ልጆች የሚይዙት 6ቢ፣ ካልተገኘ 4ቢ። ብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሸህ ዱቄቱን ወረቀት ላይ አጠራቅም፣ ከጨው ቁንጥር ያነሰ ይበቃል ለሁሉም።

ስቴኪኒውን ጫፉን ዱቄቱ ላይ ነክረህ ሳጥኑ ውስጥ አንገቱ የሚንሸራተትበት ወለል ላይ፣ ክዳኑም ውስጠኛ ፊት ላይ ቀባ ቀባ። ናክሉ የሚዞርበት መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ትንሽዬ። ከዛ ሃያ ጊዜ ግራ ቀኝ፣ ሃያ ጊዜ ክፈት ዝጋ። መጀመሪያ የሚንሻከክ ድምፅ ይሰማሃል፣ ወደ አስራ ምናምነኛው ላይ ድምፁ ይጠፋል፣ ያኔ ገብቷል። ትርፉን በደረቅ ብሩሽ ጥረገው። በአፍህ እፍ አትበልበት፣ ትንፋሽ እርጥበት ነው ደግሞም ግራፋይቱ ፊትህ ላይ ነው የሚመለሰው፣ አንድ ቀን ከእድር ጥሪ በፊት እፍ ብዬ ጺሜ የጠቆረ መስሎ ሄጃለሁ፣ ማንም አልነገረኝም። ሌላው ጥንቃቄ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሎኮሞቲቩን ካፕለር ስትሰራ ወደ ውስጥ ወደ ሰርኪዩቱ እንዳይፈስ አፉን ወደ ታች አድርገህ ስራ።

ስንት ጊዜ ነው ካልክ እኔ በዓመት አንዴ ነው፣ ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ። አንተ ቆላ ስለሆንክ የስቴኪኒውን ሙከራ በየሦስት ወሩ አድርግ፣ ግን የሚሰራውን አትንካው። ባቡሩ ሲቆም ነጠላም ቢሆን ጣል አድርግበት። እኔ ባናውን አንስቼ ጨርቅ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ እንደ ድሮው አያምርም፣ ጠጉር ግን የለም።

ስፕሪንጓ ላይ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ልትነካካ ስትል መጥፋቷ አይቀርም። ናክሉን የሚዘጋው እሷ ናት፣ የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች። እንኳን አንተ እኔ ሠላሳ ዓመት የሰዓት ዕቃ የያዝኩት አራት አጥፍቻለሁ፣ ጢን ብላ ትሄዳለች፣ ወዴት እንደሄደች አይታይም፣ መሬት ላይ ማግኔት ባዞር ባዞር የኔዎቹ በማግኔት አልተነሱልኝም። ስለዚህ ትልቅ ነጭ ፌስታል ውስጥ እጅህን ከነካፕለሩ አስገብተህ ስራ፣ ብትፈናጠርም እዛው ፌስታሉ ውስጥ ናት። የምላጭ ጫፍ ስፕሪንጓ ጫፍ አካባቢ ጥምዝምዙ መሀል ሰካ፣ ምላጩ ላይ ትቆማለች፣ አንዱን ጫፏን ካፕለሩ ላይ ያለችው እሾህ ላይ አልብሳት፣ ጨመቅ አድርገህ ሌላውን ናክሉ ላይ ያለችው እሾህ ላይ፣ ከዛ ምላጩን ቀስ ብለህ አውጣ። አይቸኮልም። ሻይ ጠጥተህ ና፣ ቡና ጠጥተህ አትምጣ፣ እጅ ያንቀጠቅጣል።

አንድ የረሳሁት፣ ኩርባ ላይ ቆመህ አታያይዝ። ኩርባ ላይ ሁለቱ አንገት ስለማይገጣጠም ደህናውም እምቢ ይላል፣ የታመመ መስሎህ ያልታመመውን ትፈታለህ። ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ነው ሙከራው።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ የሚለያዩትን ሁለቱን ፉርጎ ሐዲዱ ላይ አፋጠህ ስልክህን ሐዲዱ ላይ አጋድመህ በጎን ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ እነግርሃለሁ። ትርፍ ስፕሪንግ ስድስት አለኝ፣ ሦስቱን ፕላስተር ላይ ለጥፌ በፖስታ ውስጥ ጠባሴ መናኸሪያ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼ ልልክልህ እችላለሁ፣ ፖስታውን ግን መንገድ ላይ እንዳትከፍተው፣ ቤት ገብተህ ፌስታሉ ውስጥ።